ክሮሞሶሞች ቁርጥራጭ ሲለዋወጡ ለተማሪ በማይክሮስኮፕ እንዴት ይታያል? ልውውጡስ ለምን ከ50% አያልፍም?

ባዮመምህር_ሀዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የቀይ ሽንኩርት ሥር ጫፍ ወስዶ ማይቶሲስን (ተራውን የህዋስ ክፍፍል) ማሳየት ቀላል ነው፤ ተማሪው በአንድ የላብ ክፍለ ጊዜ ሁሉንም ደረጃ አይቶ ይወጣል። ሚዮሲስ (የዘር ህዋስ የሚሠራበት ክፍፍል) ላይ ግን ተቸግረናል። ከሁላ ወረዳ የባቄላ አበባ እያስመጣን ስንከፍተው የሚታየው ያለቀለት የአበባ ብናኝ ብቻ ነው። እኔ ማሳየት የምፈልገው ክሮሞሶሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተያያዙበትን፣ ኪያዝማ የሚባለውን መስቀለኛ ቦታ ነው።

ከዚሁ ጋር ተማሪዎች የሚያነሷቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ መልሴ እንዲጠናከር እገዛችሁን እሻለሁ። አንደኛ፣ የክሮሲንግ ኦቨር (የክሮሞሶሞቹ የቁርጥራጭ ልውውጥ) ጥቅም ዝርያን ማበራከት ብቻ ከሆነ ህዋስ ለዚህ ብሎ የራሱን ዲኤንኤ ለምን ይቆርጣል? አደገኛ አይደለም ወይ? ሁለተኛ፣ ሁለት ዘረመሎች የቱንም ያህል ቢራራቁ የልውውጡ መጠን ከ50% አያልፍም ይባላል፤ በአንድ ክሮሞሶም ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ልውውጥ ከተካሄደ ለምን 80 ወይም 90% አይሆንም? ሦስተኛ፣ ትራንስሎኬሽንና ክሮሲንግ ኦቨር አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

እምቡጥ_መራጭ

መምህር፣ የአበባ ብናኝ ካያችሁ ሚዮሲሱ ካለፈ ሰንብቷል። ባቄላው አበባውን ገልጦ ነጭና ጥቁሩ ዓይን ሲስብ ለእናንተ ሥራ ጊዜው አልፏል። መፈለግ ያለበት ገና በጫፉ ቅጠሎች ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ነጩ የአበባ ቅጠል ከአረንጓዴው ሽፋን ብቅ ያላለ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚሆን እምቡጥ ነው። እምቡጡን በመርፌ ስትከፍቱት አንተሮቹ (የአበባ ብናኝ የሚሠራባቸው ከረጢቶች) ውሃ መሰል ወይም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆኑ ቀጥሉ፤ ቢጫ ከሆኑ ጣሉት። ባቄላ ለማስተማር የሚመቸው በአንድ የአበባ ዘለላ ላይ እምቡጦቹ በዕድሜ ተራ ስለሚደረደሩ ነው። ከታች ያለው ይቀድማል፣ ከላይ ያለው ይዘገያል፤ ስለዚህ አንዱን ዘለላ ሙሉውን አስቀምጣችሁ ከላይ ወደ ታች እየሞከራችሁ ብትወርዱ ትክክለኛዋን እምቡጥ ታገኟታላችሁ።

ከሁላ አበባ «ማስመጣት» የሚለው ላይ ትልቁ ችግር ያለ ይመስለኛል። የተቆረጠ አበባ በመኪና ሀዋሳ እስኪደርስ ይጠወልጋል፤ የጠወለገ ህዋስ ክሮሞሶሞቹ ተጣብቀው አንድ ጉብታ ይሆናሉ። ተክሉ ወደ ላብ አይምጣ፣ ፊክሳቲቩ (ህዋሱን ባለበት ደረጃ የሚያቆየው ፈሳሽ) ወደ ማሳው ይሂድ። 3 እጅ አብሶሉት ኢታኖል ከ1 እጅ ግላሻል አሴቲክ አሲድ ጋር በዚያው ዕለት ጠዋት ቀላቅሉ። አድሮ የቆየ ቅልቅል አትጠቀሙ፤ አልኮሉና አሲዱ እርስ በርሳቸው ተዋህደው ኢታይል አሲቴት ስለሚሆኑ ኃይሉ ይቀንሳል። ከፋርማሲ የሚገዛው 70% አልኮል ለዚህ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ውሃ ፊክሳቲቩን ያቀጥነዋል። የፈሳሹ መጠን ከእምቡጡ ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። እምቡጡን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀጥፋችሁ እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ክተቱት። 24 ሰዓት ካደረ በኋላ ወደ 70% አልኮል አዛውሩትና ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ አስቀምጡት፤ ለወራት ይቆያል። ለሴሚስተሩ ሙሉ የሚበቃ በአንድ ጉዞ ይሰበሰባል ማለት ነው።

ማቅለሚያው አሴቶካርሚን ነው። 45 ሚሊሊትር ግላሻል አሴቲክ አሲድ በ55 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ ቀላቅሉ፣ 1 ግራም ካርሚን ጨምሩበት፣ በዝግታ አፍሉት፣ ሲቀዘቅዝ በፊልተር ወረቀት አጥልሉት። እንፋሎቱ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ፊውም ሁድ (ጭስ መሳቢያ) ከሌለ በረንዳ ላይ፣ ነፋስ ከጀርባ አድርጋችሁ ሥሩ። ካርሚን ያለ ብረት ክሮሞሶምን አያጠቁርም። ስለዚህ አንተሩን የምትፈጩበት መርፌ ብረት ይሁን፤ ትንሽ የዛገ ቢሆን እንዲያውም ይመረጣል። ጠብታው ከቀይ ወደ ወይን ጠጅ ሲያዘነብል በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቀለሙ ይረጋና ስላይዱ ላይ ጥቁር አሸዋ የተበተነ ይመስላል።

አሁን ወደ ስላይዱ። አንድ አንተር ብቻ ውሰዱ። በአንድ ጠብታ አሴቶካርሚን ውስጥ ጫፉን ቆርጣችሁ በመርፌ ጎን ጫን ጫን ስትሉት ውስጡ እንደ ደመና ሆኖ ይወጣል። የቀረውን የአንተሩን ልጣጭ በሙሉ ልቀሙና አውጡ። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው፤ አንዲት የልጣጭ ቁራጭ ከቨር ስሊፑን (ስላይዱን የሚሸፍነውን ስስ መስታወት) ከፍ አድርጋ ከያዘችው ህዋሶቹ አይዘረጉም፣ ክሮሞሶሞቹም ተደራርበው ይቀራሉ። ከቨር ስሊፑን ከደፋችሁ በኋላ ስላይዱን በአልኮል መብራት ነበልባል ላይ ሦስት አራት ጊዜ አሳልፉት፤ የእጃችሁ ጀርባ የሚችለው ሙቀት ይብቃው፣ እንዳይፈላ። ከዚያ በታጠፈ ፊልተር ወረቀት መሃል አድርጋችሁ በአውራ ጣት ቀጥ ብላችሁ ወደ ታች ተጫኑ። ወደ ጎን ለትንሽ እንኳ ካንሸራተታችሁ ህዋሶቹ ተጠቅልለው ገመድ ይሆናሉ።

በ10 እጥፍ ፈልጉ፣ በ40 መርምሩ፣ ኪያዝማውን በዘይት በ100 እዩ። ህዋሶቹ አራት አራት ሆነው ከታዩ ቴትራድ ነው፤ ዘግይታችኋል፣ በዘለላው ላይ ወደ ትንሿ እምቡጥ ውጡ። ኑክሊየሱ ትልቅ፣ ኑክሊዮለሱ ጎልቶ፣ ክር የሚመስል ነገር ከሌለ ደግሞ ቀድማችኋል። ሳይቶፕላዝሙ ሁሉ ሮዝ ሆኖ ክሮሞሶሙ ካልተለየ በከቨር ስሊፑ ጠርዝ 45% አሴቲክ አሲድ አስገብታችሁ እንደገና አሙቁት፤ ይጠራል። ጥሩው ከተገኘ ዙሪያውን በጥፍር ቀለም አሽጉት፤ ለጥቂት ቀናት ያቆየዋል።

ባቄላ 12 ክሮሞሶም አለው፤ ስለዚህ በሜታፌዝ 1 (ጥንዶቹ በህዋሱ መሃል በሚሰለፉበት ደረጃ) የምትቆጥሩት 6 ጥንድ ነው። አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ በጣም ይረዝማል፣ ሴንትሮሚሩም (ክሮሞሶሙ ተይዞ የሚጎተትበት ቦታ) መሃሉ ላይ ነው፤ ብዙ ኪያዝማ የሚታየው እሱ ላይ ነው። አምስቱ ሴንትሮሚራቸው ወደ ጫፍ የተጠጋ ነው። የባቄላ ዲኤንኤ ከሰው በአራት እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ ክሮሞሶሞቹ ግዙፍ ናቸው፣ ለጀማሪ ዓይን ይመቻሉ። ጫፍ ላይ የሚታየው መገናኛ ከመሃል ተነስቶ ተንሸራትቶ የመጣ መሆኑን ለተማሪዎቹ አስረዱ።

ባቄላ ከጠፋ ገብስም ይሆናል፤ 14 ክሮሞሶም፣ 7 ጥንድ። የገብስ አበባ ሦስት አንተሮች አሉት፤ ሦስቱም ማለት ይቻላል እኩል ስለሚራመዱ በአንዱ ሞክራችሁ ደረጃው ከተስማማችሁ ሁለቱን ለጥሩ ስላይድ ታስቀራላችሁ። ዛላው ግን ከሽፋኑ ሳይወጣ፣ ሆዱ ያበጠ አገዳ ውስጥ እያለ መወሰድ አለበት።

ድርብ_ክር

ከላይ የተሰጠው የላብ መመሪያ ጥሩ ነው፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ኪያዝማ ከመሃል ወደ ጫፍ ይንሸራተታል የሚለው የቆየ ትምህርት ነው። አንዱን ክሮማቲድ (ከተባዛ ክሮሞሶም ሁለት ቅጂዎች አንዱን) ከሌላው የሚለይ ምልክት ዲኤንኤው ውስጥ አስገብተው በአንበጣ ላይ ሲያዩት ኪያዝማው የቆመው ልውውጡ በተካሄደበት ቦታ ላይ ነው። ጫፍ ላይ የሚታየው ልውውጡ ከመነሻውም ጫፍ አካባቢ ስለተካሄደ ነው። ገብስ ላይ ይህ በጣም ጎልቶ ይታያል፤ ልውውጡ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ክሮሞሶሙ ጫፎች ይከማቻል፣ በሴንትሮሚሩ ዙሪያ ያለው ሰፊ ክፍል ግን ሳይነካ ያልፋል። የዘር አዳቃዮች እዚያ አካባቢ ያለን መጥፎ ዘረመል ከጥሩው ለመለየት የሚቸገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አንደኛው ጥያቄ ልምጣ፤ ተማሪው ትክክለኛውን ቦታ ነው የነካው። ህዋሱ ዲኤንኤውን የሚቆርጠው ለብዝኃነት ብሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጋው የሚያዋጣ አይመስልም። ሌላ፣ ይበልጥ አስቸኳይ ሥራ አለበት፤ ከእናትና ከአባት የመጡትን ሁለት አቻ ክሮሞሶሞች አንድ ላይ አስሮ መያዝ።

ሂደቱን በቅርብ እንየው። በሚዮሲስ የመጀመሪያው ደረጃ፣ በፕሮፌዝ 1 መጀመሪያ ላይ፣ ሌፕቶቲን በሚባለው ደረጃ፣ ስፖ11 የተባለ ፕሮቲን የዲኤንኤውን ሁለቱንም ክሮች ይቆርጣል። በአንድ ህዋስ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁርጥ በመቶዎች ይቆጠራል። ስፖ11 ከቆረጠው ጫፍ ጋር ተጣብቆ ይቀራልና ሌሎች ኢንዛይሞች መጥተው ከነትንሽ ቁራጩ ይነቅሉታል፤ ቀጥለው ከሁለቱ ክሮች አንዱን፣ 5 ፕራይም ጫፍ ያለውን፣ ወደ ኋላ ይበሉታል። 3 ፕራይም ጫፍ ያለው ነጠላ ክር ጅራት ሆኖ ይቀራል። ራድ51ና ዲኤምሲ1 የተባሉ ፕሮቲኖች ይህን ጅራት ይለብሱትና አቻውን ፍለጋ ይወጣሉ። ተራ ህዋስ ቁርጥ ሲጠግን ቅጂውን የሚያነበው ከአጠገቡ ካለችው እህት ክሮማቲድ ነው። ሚዮሲስ ውስጥ ግን ያ መንገድ ሆን ተብሎ ይከለከላል፤ ጅራቱ ከሌላኛው ወላጅ ወደ መጣው ክሮሞሶም ይገፋል። አቻዎቹ ተፈላልገው የሚገናኙትም በአብዛኛው በዚህ ፍለጋ ነው።

ጅራቱ የአቻውን ድርብ ክር ከፍቶ ሲገባ ሁለት መንገድ አለ። አብዛኛው ጊዜ ትንሽ ቅጂ ወስዶ ይመለስና ወደ ራሱ ክር ይገጥማል፤ ክሮሞሶሞቹ ክንድ አይለዋወጡም፣ ምናልባት ጥቂት መቶ ፊደል ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለበጣል። ይህ ጂን ኮንቨርዥን ይባላል። ጥቂቶቹ ግን ሁለት የሆሊዴይ መጋጠሚያ ይሠራሉ፤ ሮቢን ሆሊዴይ በ1964 ያቀረበውን ሞዴል መሠረት አድርጎ የተሰየመ ነው። ኤምኤልኤች1ና ኤምኤልኤች3 የተባሉ ፕሮቲኖች እነዚህን መጋጠሚያዎች ቆርጠው ሲለያዩ ክንዶቹ ተለዋውጠው ይወጣሉ። በወንድ ልጅ የዘር ህዋስ ኤምኤልኤች1 የሚያበራባቸውን ነጥቦች ብትቆጥሩ ከመቶዎቹ ቁርጦች ወደ ልውውጥ የሚደርሱት 50 ገደማ ብቻ ናቸው፤ በሴት 70 ገደማ። አንዱ ልውውጥ በተካሄደበት አቅራቢያ ሌላ እንዳይደገም የሚከለክል ሥርዓትም አለ፤ ኢንተርፈረንስ ይባላል፣ ሙለር በ1916 ድሮሶፊላ (የፍራፍሬ ዝንብ) ላይ ነው የገለጸው። ያም ሆኖ ቁጥሩ ያንሳል እንጂ እያንዳንዱ ጥንድ በተለምዶ ቢያንስ አንድ ልውውጥ አያጣም።

ያ አንድ ልውውጥ ምን ያደርጋል? ሜታፌዝ 1 ላይ ሁለቱ አቻዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎተታሉ። ልክ በገመድ ጉተታ ገመዱ የሚወጠረው ሁለቱም ወገን ሲይዙት እንደሆነ ሁሉ፣ ስፒንድሉም (ክሮሞሶሞቹን የሚጎትተው የክር መዋቅር) በትክክል መያያዙን የሚያውቀው ውጥረት ሲሰማው ነው። ውጥረቱን የሚፈጥሩት ሁለት ነገሮች ተባብረው ነው፤ ኪያዝማውና ከኪያዝማው ወዲያ ያሉትን እህት ክሮማቲዶች አጣብቆ የያዘው ኮሄሲን የተባለ ፕሮቲን። የመለያያው ደረጃ አናፌዝ 1 ሲደርስ ሴፓሬዝ የተባለ ኢንዛይም የኮሄሲኑን ክፍል ሬክ8ን በክንዶቹ ላይ ይበጥሰዋል፣ አቻዎቹም ይለያያሉ። በሴንትሮሚሩ ላይ ያለውን ሬክ8 ግን ሹጎሺን የተባለ ፕሮቲን ይጠብቀዋል፤ እህቶቹ እስከ ሁለተኛው ክፍፍል እንደተያያዙ የሚቆዩት በዚህ ነው።

ኪያዝማ ያልሠራ ጥንድ ስላይዳችሁ ላይ ተለያይቶ ሁለት ነጠላ ሆኖ ይታያል። እያንዳንዱ እንደ ዕድሉ ይሄዳል፤ ሁለቱም ወደ አንድ ጫፍ ከሄዱ አንዱ የዘር ህዋስ ትርፍ፣ ሌላው ጎዶሎ ይሆናል። በሰው ዘንድ ትራይሶሚ 21 (ዳውን ሲንድሮም የሚያስከትለው ትርፍ 21ኛ ክሮሞሶም) አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በእናት በኩል ከመጀመሪያው ክፍፍል ነው። የሴት እንቁላል ፕሮፌዝ 1 የምትጀምረው ልጅቷ ገና በማህፀን ሳለች ነው፤ ከዚያ ቆማ እስከ ኦቩሌሽን ድረስ 20፣ 30፣ 40 ዓመት ትጠብቃለች። ኮሄሲኑ በዚህ ሁሉ ጊዜ ይሳሳል። በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዕድሉ ከ1,500 አንድ ገደማ የነበረው በ40 ዓመት ከ100 አንድ ገደማ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ወንድ ድሮሶፊላም ከዚህ አያመልጥም፤ ልውውጥ ስለሌለው አቻዎቹን የሚያጣብቅ ሌላ የፕሮቲን ስልት አለው። ማሰሪያው ተለውጧል፣ መታሰሩ ግን አልቀረም።

ባዮመምህር_ሀዋሳ

እጅግ አመሰግናለሁ። «ዝርያ ለማብዛት» ብቻ ብሎ ማስተማሩ ጎዶሎ እንደነበር አሁን ግልጽ ነው። 50% ላይ የሚመልስልኝ ካለ? ደግሞም ከስላይዱ ላይ ኪያዝማ ከቆጠርን በኋላ ቁጥሩን ምን እናደርግበታለን?

ካርታ_ነዳፊ

ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ ነው ያላቸው። ቁልፉ ልውውጡ የሚካሄደው በአራት ክሮማቲዶች መሃል በሁለቱ ላይ ብቻ መሆኑ ነው።

ሰሌዳ ላይ አራት መስመር አስምሩ፤ ሁለቱ በሰማያዊ፣ ሁለቱ በቀይ ቾክ። በግራ ጫፍ ዘረመል ሀ፣ በቀኝ ጫፍ ዘረመል ለ። አንድ ልውውጥ ብቻ ካለ ከአራቱ ሁለቱ ተቀላቅለው ይወጣሉ፣ ሁለቱ እንደነበሩ ይቀራሉ፤ 50%። ሁለት ልውውጥ ካለ ሁለተኛው በየትኞቹ ክሮማቲዶች ላይ እንደሚያርፍ አራት ዕድል አለ። በእነዚያው ሁለት ላይ ካረፈ የመጀመሪያውን ይሽረዋል፤ ሀ እና ለ ተመልሰው እንደ መነሻቸው ይሆናሉ፣ 0%። ከመጀመሪያዎቹ አንዱንና አንድ አዲስ ከነካ 50% ነው፤ ይህ በሁለት መንገድ ይመጣል። ፈጽሞ ባልተነኩት ሁለት ላይ ካረፈ 100%። ዕድላቸው 1 ለ2 ለ1 ስለሆነ አማካዩ ያው 50% ነው። ሦስትም አራትም አድርጉት፣ አማካዩ ከዚያ አይነቃነቅም። ስለዚህ ወሳኙ ስንት ልውውጥ አለ የሚለው ሳይሆን ከናካቴው ያልተለዋወጡት ህዋሶች ድርሻ ነው፤ የተቀላቀሉት ልጆች ድርሻ፣ ምንም ያልተለዋወጡትን ከ1 ቀንሰን ለ2 ስናካፍል የምናገኘው ነው። ተማሪዎቹ ይህን በቀለም ቾክ ራሳቸው ሠርተው ካላዩት በቃል ማመናቸው ዋጋ የለውም፤ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስጡት።

ከዚህ የሚከተለው ነገር፣ በሩቅ ላሉ ዘረመሎች የሚቆጠረው ድርሻ እውነተኛውን ርቀት አሳንሶ ያሳያል። ስተርትቫንት በ1913 የመጀመሪያውን የዘረመል ካርታ ሲሠራ ሩቁን በአንድ ጊዜ ከመለካት ይልቅ ቅርብ ቅርቡን እየደመረ የሄደው ለዚህ ነው። በአንድ ጊዜ ማረም ካስፈለገ ሁለት ፎርሙላዎች አሉ። ድርሻውን «ድ» እንበለው። የሃልዴን፣ 1919፦ ርቀት = −½ × ኔቹራል ሎግ የ(1 − 2ድ)። የኮሳምቢ፣ 1944፦ ርቀት = ¼ × ኔቹራል ሎግ የ[(1 + 2ድ) ÷ (1 − 2ድ)]። ውጤቱ በሞርጋን (የዘረመል ርቀት መለኪያ) ስለሚወጣ በ100 አባዙት፣ ሴንቲሞርጋን ይሆናል። ድርሻው 5% ሲሆን ሃልዴን 5.3፣ ኮሳምቢ 5.0 ይሰጣሉ፤ ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም። 20% ሲሆን 25.5ና 21.2። 35% ላይ 60.2ና 43.4፤ አሁን ልዩነቱ ካርታ ያበላሻል። ሃልዴን ኢንተርፈረንስ እንደሌለ ይቆጥራል፣ ኮሳምቢ እንዳለ። በአብዛኛው ሰብል ላይ ኮሳምቢን እመርጣለሁ።

የኪያዝማው ቆጠራ ደግሞ እዚህ ይገባል። አንድ ኪያዝማ ከአራት ክሮማቲድ ሁለቱን ስለሚያቀላቅል 50 ሴንቲሞርጋን ነው። ገብስ ወስዳችሁ ሜታፌዝ 1 ላይ ቁጠሩ፤ ቀለበት የሠራ ጥንድ በሁለቱም ክንዱ ቢያንስ አንድ አንድ ስላለው 2፣ ዘንግ መስሎ የተዘረጋው በአንድ ክንዱ ብቻ ስለተያዘ 1፣ ተለያይቶ የቆመው 0። 6 ቀለበትና 1 ዘንግ ካያችሁ 13 ነው፤ 13 × 50 = 650 ሴንቲሞርጋን፣ የዚያ ህዋስ የካርታ ርዝመት። ቢያንስ 20 ህዋስ ቆጥራችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ ከአንድ እምቡጥ ብቻ ሳይሆን ከተለያዩ ተክሎች ይሁን። ይህ ዝቅተኛው ግምት መሆኑን ልብ በሉ፤ በአንድ ክንድ ላይ ሁለት ተቀራራቢ ኪያዝማ ሲኖር በሜታፌዝ እንደ አንድ ይታያል። ከሜታፌዝ በፊት ባለው ዲፕሎቲን ደረጃ ላይ ከተቆጠረ ይሻላል፣ ግን ክሮቹ ስለሚጠላለፉ ለጀማሪ ከባድ ነው።

ድርብ_ክር

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኪያዝማ የልውውጡ ምልክት እንጂ ማስረጃ አይደለም የሚል ተማሪ ቢነሳ፣ በ1931 ሃሪየት ክራይተንና ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ 9ኛ ክሮሞሶም ላይ የሠሩትን ንገሩት። አንዱ ጫፉ ላይ በማይክሮስኮፕ የሚታይ እብጠት፣ በሌላው ወገን ከሌላ ክሮሞሶም የመጣ ቁራጭ ያለበትን ክሮሞሶም ምልክት ከሌለው ጋር አዳቀሉ። የፍሬው ቀለምና የስታርቹ ዓይነት በተቀላቀለበት ተክል ላይ እብጠቱና ቁራጩም ተለያይተው ተገኙ። ባሕርይውና አካሉ አብረው ነው የተሻገሩት።

የዘር_ምክር

ሦስተኛው ጥያቄ እንዳይቀር። ክሮሲንግ ኦቨር በአቻ ክሮሞሶሞች መሃል፣ በተመሳሳይ ቦታ ላይ፣ ፊደል በፊደል ተናብቦ የሚካሄድ ልውውጥ ነው፤ ምንም አይጎድልም፣ ምንም አይተርፍም። ትራንስሎኬሽን አቻ ያልሆኑ ክሮሞሶሞች ቁራጭ ሲለዋወጡ ነው፤ በየትኛውም ህዋስ፣ ከሚዮሲስ ውጭም ይከሰታል። በ1960 ኖዌልና ሃንገርፎርድ በደም ካንሰር ህሙማን ላይ ያዩት ትንሽ ክሮሞሶም፣ ፊላደልፊያ ክሮሞሶም የሚባለው፣ የ9ና የ22 ትራንስሎኬሽን መሆኑን ጃኔት ራውሊ በ1973 አሳየች። ያ የሆነው በደም ህዋስ ስለሆነ ወደ ልጅ አይተላለፍም።

በሁለቱ መሃል ግን ድንበሩን የሚያደበዝዝ አንድ ነገር አለ፤ አቻዎቹ ሳይናበቡ ሲለዋወጡ። በክሮሞሶሙ ላይ ተመሳሳይ ድግግሞሽ ሁለት ቦታ ካለ የአንዱ ክሮሞሶም የመጀመሪያው ድግግሞሽ ከሌላው ሁለተኛ ድግግሞሽ ጋር ተሳስቶ ሊጣመር ይችላል። ልውውጡ በራሱ እንከን የለውም፣ ቦታው ግን ተሳስቷል። በ17ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ 1.5 ሚሊዮን ፊደል ገደማ በሚሆን ክፍል ግራና ቀኝ እንዲህ ያለ ድግግሞሽ አለ፤ መሃሉ ላይ ፒኤምፒ22 የተባለ ዘረመል። ከአንዱ ስህተት ሁለት ውጤት ይወጣል፤ ክፍሉ የተደገመበት ልጅ እግርና እጅን የሚያደክመው ሻርኮ-ማሪ-ቱዝ 1ኤ ይይዘዋል፤ የጎደለበት ደግሞ ነርቩ ትንሽ ጫና ሲደርስበት የሚደነዝዝበት ሌላ ሕመም። በኤክስና ዋይ የፆታ ክሮሞሶሞች ጫፍ ላይም ተመሳሳይ አደጋ አለ። ሁለቱ የሚናበቡበት ዋናው ቦታ 2.7 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ብቻ ነው፣ ልውውጡም እዚያ ግዴታ ነው። የወንድነት ዘረመል ኤስአርዋይ ከድንበሩ ማዶ በቅርብ ስላለ ልውውጡ ትንሽ ካለፈ ኤስአርዋይ ወደ ኤክስ ይሻገራል፤ ኤክስኤክስ ያለው ወንድ ይወለዳል።

ለተማሪ በጣም የሚጠቅመው ግን የሮበርትሶን ትራንስሎኬሽን ነው፤ ከ1,000 ሰው በአንዱ ገደማ አለ። 13፣ 14፣ 15፣ 21ና 22 ክሮሞሶሞች አጭር ክንዳቸው ኢምንት ነው፤ ሁለቱ በረጅሙ ክንድ ሲገጥሙ አጭሩ ቢጠፋም ጉዳት የለውም። 14ና 21 የገጠሙበት ሰው 45 ክሮሞሶም ይዞ ጤነኛ ነው። ሚዮሲስ ላይ ግን ሦስት ክሮሞሶሞች ተጣምረው ለሁለት ጫፍ ይከፈላሉ፤ ስድስት ዓይነት የዘር ህዋስ ይወጣል። አንዱ መደበኛ፣ አንዱ እንደ ወላጁ ሚዛኑን የጠበቀ፣ አንዱ የ21 ትርፍ ያለበት፤ የቀሩት ሦስቱ፣ ማለትም 21 የጎደለበት፣ 14 የጎደለበትና 14 የተረፈበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በእርግዝና መጀመሪያ ይወርዳሉ። በወረቀት ሲሰላ ከሚወለዱት ሲሶው ዳውን ሲንድሮም ያለበት ይመስላል። በተግባር ተሸካሚዋ እናት ስትሆን ከ10 እስከ 15% ነው፤ አባት ሲሆን ከዚያ በጣም ያንሳል። ሁለቱ 21ዎች እርስ በርስ ከገጠሙ ግን በሕይወት የሚወለደው ሁሉ ይኖርበታል። ካሪዮታይፕ (የክሮሞሶም ምርመራ) ሳይሠራ ለማንም ቤተሰብ ቁጥር አይነገርም፤ ተማሪዎቻችሁ ይህን እንዲያውቁት ያስፈልጋል።

እምቡጥ_መራጭ

ትራንስሎኬሽን በሰብል ላይ ሆን ተብሎ የሚሠራ መሣሪያም ነው። የስንዴ 1ቢ ክሮሞሶም አጭር ክንዱ ተነስቶ በራይ (የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል) 1አር አጭር ክንድ የተተካባቸው ዝርያዎች በዓለም ዙሪያ ተሠራጭተው ነበር። ክንዱ የግንድ ዋግ የሚከላከለውን ኤስአር31 የተባለ ዘረመል ይዞ ይመጣል። የስንዴና የራይ ክንዶች ስለማይናበቡ ልውውጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ጥቅሉ ሳይበተን ይወረሳል። ጉዳቱም ከዚያው ነው፤ ሊጡን የሚያጣብቀው የራይ ሴካሊን ፕሮቲን አብሮ ይመጣል፣ በቀላሉ አይነጠልም። በ1999 ዩጋንዳ ውስጥ የታወቀው ዩጂ99 የዋግ ዘር ኤስአር31ን ሲያሸንፍ ጥቅሉ ያለበት ስንዴ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጋለጠ። ወደ እኛም አገር ደርሷል። የራይን ቁራጭ ማሳጠር የሚፈልግ አዳቃይ በ5ቢ ረጅም ክንድ ላይ ያለውን ፒኤች1 የተባለ ዘረመል ማስወገድ አለበት፤ አቻ ያልሆኑት እንዳይጣመሩ የሚጠብቀው እሱ ነውና።

የባቄላ ወቅት ሳይሆን ሲቀር ደግሞ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ሣር ላይ ያለውን አጭር ቀንድ ፌንጣ አትርሱ። ወንዱን ያዙ፤ ሆዱን ከጀርባው በኩል ስትከፍቱት በአንጀቱ ላይ ብርቱካንማ ስብ የሸፈናቸው ነጭ ቱቦዎች ታገኛላችሁ፣ የወንዴ ዘር የሚሠራው እነሱ ውስጥ ነው። ያው ፊክሳቲቭ፣ ያው ማቅለሚያ፤ ለአንድ ስላይድ አንድ ሁለት ቱቦ ይበቃል። አብዛኞቹ 23 ክሮሞሶም አላቸው፤ 11 ጥንድና ብቻዋን የቆመች ኤክስ። ጥንድ የሌላት ክሮሞሶም ምን እንደምትመስል ከተያያዙት ጎን ለጎን በአንድ ስላይድ ላይ ይታያል።

ባዮመምህር_ሀዋሳ

ፌንጣው ነገሩን አቀለለው፤ በዚህ ሳምንት እንሞክረዋለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የብዙዎቹ ተማሪዎች ጓሮ እንሰት አለ። በእንሰት ላይ ይህንን ማሳየት ይቻላል?

ካርታ_ነዳፊ

እንሰት 18 ክሮሞሶም አለው፤ ሚዮሲስም ይሠራል፣ አበባ ካወጣ። ሆኖም አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፣ ምግቡ ያለው አምቾውና ግንዱ ላይ ስለሆነ ገበሬው አብዛኛውን ከማበቡ በፊት ይቆርጠዋል። የሚራባውም የአምቾው ማዕከላዊ ቡቃያ ተቆፍሮ ሲወጣ በዙሪያው ከሚፈሉት ችግኞች ነው። ያ በሙሉ ማይቶሲስ ነው፤ በጓሮ ያለው ገንቲቻ የተባለ የእንሰት ዝርያ ከእናቱ የተቀበለውን የክሮሞሶም ስብስብ ሳይበወዝ ይዞት ይኖራል። ገበሬው የወደደው ዝርያ ትውልድ ቆጥሮ ሳይለወጥ የሚቆየው በዚህ ነው፤ አዲስ በሽታ ሲመጣ ደግሞ አንዱን የጣለው ያንኑ ዝርያ ሁሉ ይጥላል። ለላብ ክሮሞሶሞቹ ትንንሽ ናቸውና ኪያዝማ ለመቁጠር አይመቹም። ለንጽጽር ግን የእንሰት ሥር ጫፍ በማይቶሲስ፣ የፌንጣው ቱቦ በሚዮሲስ፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሥር ጫፉ ጠዋት ላይ ተቆርጦ ወዲያው ፊክሳቲቭ ውስጥ ይግባ፤ 1 ሴንቲሜትር ይበቃል።